ግልባጭ፦ ከዘቢዳር ወዲህና ወዲያ

ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣
ለጉራጌ ዞን አስተዳደር፣
ለምሥራቅ ጉራጌ ዞን አስተዳደር፣
በወልቂጤና በቡታጅራ ኮምፒውተር ላለው ነዋሪ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በፈቃደኞች የሚያዝ የጋራ የፋይል ማከማቻ በሁለቱ ከተሞች እንዲሞከር ስለመጠየቅ

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብቻውን አይወጣም። ከፊርማውና ከማኅተሙ በታች «ግልባጭ» የሚል ቃል አለ፤ ከሥሩ የሚደርሳቸው ክፍሎች ይደረደራሉ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ለመዝገብ ቤት» ይላል። ባለጉዳይ ዋናው ሲጠፋበት «ግልባጩ እናንተ ጋ አለ፣ ፈልጉልኝ» ብሎ የሚሟገተው ያችን መስመር ይዞ ነው።

ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ይህ ልማድ በር ላይ ቀረ። ዛሬ «ሶፍት ኮፒው የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የአንድ ሰው ስም ነው። እገሌ ላፕቶፕ ላይ አለ፤ እገሊት በፍላሽ ይዛዋለች። እገሌ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ፍላሹም አንድ ቀን ለማተሚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፤ የሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ የነበረበት ፎልደር ሲከፈት በሾርትከት ተሞልቶ ይገኛል። ሰነዱ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል የተባለ እንደሆነም ባለጉዳዩ መስኮቱ ጋ ደርሶ የሚሰማት ዐረፍተ ነገር የታወቀች ናት፦ «ሲስተም የለም።»

ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው። ሁለቱ ዞኖችና ዩኒቨርሲቲው ተባብረው፣ ፈቃደኛ ነዋሪዎች ከየኮምፒውተራቸው ጥቂት ቦታ እየቆረሱ የሕዝብን ሰነድ በጋራ የሚይዙበት፣ «ዋና» የሚባል ሰርቨር የሌለው መረብ ለአንድ ዓመት ይሞክሩ። የሚመሰገኑትም መረቡ ስለሠራ ሳይሆን የት የት ላይ እንደሚሰበር ስላወቁ ይሁን።

አሠራሩ እቁብ ለሚጥል ሰው ብዙም አይከብድም። በእቁብ አባሉ ገንዘብ ያዋጣል፤ እዚህ የሚያዋጣው የዲስክ ቦታ ነው። ፋይሉ ከባለቤቱ ኮምፒውተር ከመውጣቱ በፊት በቁልፍ ይመሰጠራል፤ ከዚያ ይቆራረጣል፤ ቁራጮቹ በየአባሉ ቤት ይበተናሉ። ቁራጩን የያዘው ሰው ቢከፍተው የሚያየው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። ልዩነቱ ያለው ጸሐፊው ላይ ነው። በእቁብ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረ ደብተሩ ላይ የሚጽፍ ሰው አለ፤ እዚህ የጸሐፊውን ሥራ የሚሠራው ስሌት ነው።

ስሌቱ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ በአማርኛ ፊደል ማሳየት ይቻላል። «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለአንባቢም ቢሆን ብዙ ጊዜ ልዩነት የላቸውም። ሻ-256 የሚባለው ስሌት ግን ለማንኛውም ፋይል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ 64 ምልክት ያለው አሻራ ያወጣለታል። ባለ 200 ገጽ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አንዲት «ጸ» ወደ «ፀ» ብትቀየር ከ64ቱ ምልክቶች አብዛኞቹ ይለወጣሉ። ስለዚህ ቡታጅራ ውስጥ ያለ አንድ ዲስክ የያዘውን ቁራጭ አበላሽቶ ቢመልስ፣ ወልቂጤ ያለው ኮምፒውተር በአሻራው ለይቶ ይጥለውና ከሌላ ሰው ይጠይቃል። ማንም ለማንም «አምንሃለሁ» ማለት አያስፈልገውም።

በየከተማው መናኸሪያ አካባቢ ዘፈንና ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች ሳያውቁት ይህን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ተወዳጅ ዘፈን አንዴ ከተጫነ በመቶ ስልክ ውስጥ ይኖራል። ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይተላለፋል፤ አንዱ ቢያጠፋው ጎረቤቱ አለው። ሕዝብ የወደደውን ነገር ሕዝብ ራሱ ያበዛዋል። ችግር ላይ ያለው ማንም የማይጠይቀው ፋይል ነው፦ የአንድ ወረዳ የመሬት ክርክር ውሳኔ፣ በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በቴፕ ተቀድቶ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የአንዲት አሮጊት ትረካ። እነዚህን አስር ዓመት ማንም አይከፍታቸውም፤ በአስራ አንደኛው ዓመት ግን አንድ ሰው አጥብቆ ይፈልጋቸዋል።

በውጭው ዓለም የተሞከሩ መረቦችም ብዙ ጊዜ የተፈተኑት በዚሁ ነጥብ ነው። ብራም ኮኸን ቢትቶረንትን እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያወጣ ሕጉ ቀላል ነበር፦ ፋይሉን ይዞ ኮምፒውተሩን ያበራ ሰው እስካለ ፋይሉ አለ፤ የመጨረሻው ሰው ሲያጠፋ ስሙ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው አይፒኤፍኤስም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ብዙዎች «አንዴ ከጫኑት ለዘላለም ይኖራል» ብለው ያምኑታል፤ እውነቱ ግን አንድ ሰው ፋይሉን «እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ ካልቸነከረው ኮምፒውተሮቹ ቦታ ሲጠባቸው ይጠርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቱርክ ዊኪፒዲያን ስትዘጋ የቱርክኛው ቅጂ በዚህ መረብ ላይ ወጥቶ ነበር፤ እንዲነበብ ያስቻለው ቅጂውን ይዘው የቆዩ ሰዎች መኖራቸው ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ የተጀመረው ዉአላ ደግሞ ተጠቃሚው ከራሱ ዲስክ ቦታ እየሰጠ በምትኩ መረቡ ላይ ቦታ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ያንን ልውውጥ አስቀረ፤ በ2015 ራሱም ተዘጋ። ሜይድሴፍ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ፈቃደኞች በየቤታቸው ፕሮግራሙን ይጭናሉ፤ የሙከራ መረብ ይከፈታል፤ ሰዎች ፋይል እየጫኑ ያጨናንቁታል፤ ይሰናከላል፤ ምክንያቱ ይመዘገባል፤ መረቡ ይፈርሳል፣ የተጫነውም ሁሉ አብሮት ይጠፋል፤ ቀጣዩ ሙከራ ይከተላል። ፈቃደኞቹ ፋይላቸው እንደሚጠፋ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ለወልቂጤና ለቡታጅራ ከሁሉ አስቀድሞ መወሰድ ያለበት ትምህርት ይህ ነው፦ በሙከራ መረብ ላይ ማንም ሰው ብቸኛ ቅጂውን አያስቀምጥ።

ለዚህ ደብዳቤ ሐሳብ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቤተ መጻሕፍት ሰዎች የሠሩት ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ሎክስ የሚባለው ሥርዓት የሳይንስ መጽሔቶችን በየቤተ መጻሕፍቱ ባሉ ተራ ኮምፒውተሮች ያስቀምጣል። ኮምፒውተሮቹ በየጊዜው ቅጂያቸውን እያስተያዩ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የአንዱ ከብዙኃኑ ከተለየ እንደተበላሸ ይቆጠርና ከሌሎቹ ተገልብጦ ይጠገናል።

በዚህ አገር ትልቁ የግልባጭ ሥራ በኮምፒውተር አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት በሃያ ዓመት ገደማ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከፊልሞቹ ፊት ተቀምጠው ካታሎጉን ያዘጋጁት እዚያ ነው። ሥራው ሲጀመር አብዮቱም፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነትም ገና አልደረሱም ነበር። የፎቶ ሠራተኞቹ የትኛው መጽሐፍ እንደሚጠፋ አስቀድመው ሊያውቁ አይችሉም፤ ስለዚህ የቻሉትን ያህል አነሡ።

ታዲያ ለምን ወልቂጤና ቡታጅራ?

አንደኛው ምክንያት ተራራው ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ላይ ናቸው፤ መካከላቸው የዘቢዳር ሰንሰለት ስለቆመ በአንዷ የሚደርስ ብልሽት ሌላዋን ላይነካ ይችላል። ሁለተኛው አስተዳደሩ ነው። ነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫነቷን እንደያዘች ቀጠለች። ለዓመታት በአንድ ዞን ስም፣ በሀዋሳ ሥር ሲጻፍ የኖረ ሰነድ አሁን ባለቤቱ ከአንድ በላይ ነው። ወረቀት ሲካፈሉት አንዱ ዋናውን ይወስዳል፤ ሌላው ፎቶ ኮፒ ይደርሰዋል። ፋይል ግን ሁለቱም ሙሉውን ሊይዙት የሚችሉት ነገር ነው።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው። ስለ ጉራጌ ቋንቋዎች የተሠራው ትልቁ መዝገበ ቃላት፣ የቮልፍ ሌስላው ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ጀርመን፣ ቪስባደን ውስጥ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉት ልብ ወለድም ለዓለም የተዳረሰው ያው ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ላይ ሲታተም ነው። ኮምፒውተር የጉራጌን ፊደል ሙሉ በሙሉ መያዝ የጀመረው እንኳ በቅርቡ ነው፤ ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ተጨማሪ ፊደላት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገቡት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ነው። በእነዚህ ፊደላት የሚጻፈው የመጀመሪያው ትውልድ ሰነድ፣ የማስተማሪያ ረቂቁም ተረቱም፣ አሁን እየተጻፈ ያለ ነው። የሚኖረውም በየሰው ላፕቶፕ ነው።

ለሙከራው የሚስማማ ሶፍትዌር ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታሆ ላፍስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስሙ ለአማርኛ ጆሮ «ልዝገን» የሚል ቢመስልም ሥራው ማጠራቀም ነው። ክፍያም ምናባዊ ገንዘብም የለበትም፤ የሚተዋወቁ ሰዎች የራሳቸውን ዝግ መረብ ይዘረጉበታል። በመደበኛው አቀማመጡ አንድን ፋይል 10 ቁራጭ ያደርገዋል፤ ከአሥሩ ማናቸውም 3 ከተገኙ ፋይሉ እንደገና ሙሉ ይሆናል።

ይህ በቁጥር ምን ማለት ነው? አንድ የቤት ኮምፒውተር ከ10 ሰዓት 6ቱን በርቶ ይገኛል እንበል። ፋይሉ በእሱ ብቻ ካለ ፈላጊው ከ100 ጊዜ 40ውን ባዶ እጁን ይመለሳል። በሦስት ኮምፒውተሮች ሦስት ሙሉ ቅጂ ቢቀመጥ የመገኘቱ ዕድል 93.6 በመቶ ይደርሳል። በ10 ኮምፒውተሮች አሥር ቁራጭ ተደርጎ ሦስቱ ቢበቁ ደግሞ 98.8 በመቶ ይሆናል፤ የሚፈጀው ቦታ ከሦስት እጥፍ እምብዛም አያልፍም።

ስሌቱ የሚደብቀው ነገር አለ። ኮምፒውተሮቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት ይጠፋሉ ብሎ ነው የሚነሣው። ወልቂጤ ላይ መብራት ሲሄድ ግን የወልቂጤ ኮምፒውተሮች የሚጠፉት በአንድ ላይ ነው፤ አሥሩም ቁራጭ እዚያው ሰፈር ከነበረ 98.8 በመቶው ዜሮ ይሆናል። ታሆ ላፍስ ደግሞ ወልቂጤን ከቡታጅራ አይለይም፤ ቁራጭ ሲያድል አገር አያውቅም። ቁራጮቹ ከዘቢዳር ወዲህም ወዲያም እንዲደርሱ ማድረግ የሰዎቹ ሥራ ነው። ሌላው እንቅፋት የኔትወርኩ ነው። በሞባይል ዳታ የተገናኙ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ይጋራሉ፤ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ወደ ውጭ መደወል ይችላል እንጂ ሲደወልለት አይሰማም። ስለዚህ ቋሚ አድራሻ ያለው አንድ መገናኛ፣ ለምሳሌ በጉብሬ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ያስፈልጋል፤ እሱም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን መሞከር አለበት።

መስመሩ ጭራሽ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ሰነዱን ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ሰው ከሰነዱ ጋር ተቆራርጧል። በአንድ ግቢ ውስጥ በገመድ የተያያዙ ኮምፒውተሮች ግን ያለ ኢንተርኔትም ይነጋገራሉ። በከተሞቹ መካከልስ? ለዚህ የጉራጌ አገር የራሱ መስመር አለው፤ እሱም መስቀል ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከመርካቶና ከየከተማው ስንትና ስንት ሰው አገር ቤት ይገባል። 2 ቴራባይት ፋይል በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለማስተላለፍ 37 ቀን ይፈጃል። ያው ፋይል በአንዲት ሃርድ ዲስክ ለበዓሉ ከተገዛው ልብስ መሐል ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ ወልቂጤ በግማሽ ቀን ይገባል።

አሁን ደግሞ መረቡ ውስጥ መግባት ወደሌለበት ነገር። ቡታጅራ በዓለም የጤና ምርምር ስሟ የታወቀ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የጀመሩት የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም የአካባቢውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት እየመዘገበ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ ሆኗል። በዚሁ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የአእምሮ ጤና ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ባካሄደው ጥናትም 3,016 የአካባቢው ሴቶች ቃላቸውን ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢመሰጠርም በሙከራ መረብ ላይ ቦታ የለውም። የዛሬ ምስጢር ከሃያ ዓመት በኋላ በማን እጅ እንደሚፈታ አይታወቅም፤ ከብዙ ሰው ቤት የተበተነን ቁራጭ መልሶ ለቅሞ ማጥፋትም አይቻልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የሕግም ነው። የአዋጁ ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ሙከራው ሳይጀመር እሱ ሊጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ደብዳቤው የሚለምነው ይህን ነው።

መጀመሪያ፣ የሚጫነው ነገር ለሕዝብ ክፍት የሆነ ብቻ ይሁን፦ የዞን ምክር ቤቶች ያወጧቸው ውሳኔዎች፣ ጸሐፊዎቻቸው የፈቀዱላቸው የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ተናጋሪዎቹ ይቀመጥ ያሉት የቃል ታሪክ። የሌስላውን መዝገበ ቃላት የመሰለ የባለመብት ሥራ ያለ ፈቃድ አይግባ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ትንሽ ይሁን። ከወልቂጤና ከጉብሬ 20፣ ከቡታጅራ 20፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ 10 ሰዎች እያንዳንዳቸው 50 ጊጋባይት ቢሰጡ 2,500 ጊጋባይት ይገኛል፤ በአሥር ቁራጭ አሠራር 750 ጊጋባይት የሚሆን ሰነድ ይይዛል። ለጽሑፍ ይህ ሰፊ ነው። 10 ዋት የምትወስድ ትንሽ ኮምፒውተር ዓመቱን ሙሉ ብትበራ የምትፈጀው 88 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያንንና የዳታውን ወጪ ተቋማቱ ይሸፍኑ፤ ፈቃደኛ ማለት ከኪሱ የሚከፍል ማለት አይሁን።

ሦስተኛ፣ መጫን የሚችለው የታወቀ ሰው ብቻ ይሁን። በዲስኩ ምን እንዳለ የማያውቅ ነዋሪ በኮምፒውተር ወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ተቀምጦበት እንዳይገኝ፣ የገባው ሁሉ በስም ይመዝገብ፤ ተጠያቂውም ጫኙ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥለት።

አራተኛ፣ ቁልፉ። በዚህ አሠራር ቁልፉ ከጠፋ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚባልበት መስኮት የለም። የሒሳብ ሊቁ አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳየው ዘዴ ግን አንድን ቁልፍ ለሰባት ሰዎች ያካፍላል፤ ከሰባቱ ማናቸውም አራት ሲገናኙ ይከፈታል፤ ሦስቱ ብቻ ቢዶልቱ ምንም አያገኙም። የሰባት ቤት ጉራጌ ተወካዮች የጆካ በሚባለው ሸንጎ ተሰብስበው የሚዳኙበትን ሥርዓት ለሚያውቅ አገር ይህን ማስረዳት አያስቸግርም።

አምስተኛ፣ በዕቅድ ይሰበር። አንድ ቀን የቡታጅራ ኮምፒውተሮች ሁሉ ይጥፉ። ሌላ ቀን የጉብሬው መገናኛ ይነቀል። አንዱ ፈቃደኛ ሆን ብሎ ቁራጩን ያበላሽ። እያንዳንዱ መሰናከል ከነሰዓቱ በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩም ለሕዝብ ይከፈት። በዓመቱ መጨረሻ የሚመዘነው ሁሉም የጠየቀው ፋይል አይሁን፤ በመጀመሪያው ቀን ተጭኖ አንድም ሰው ያልነካው ፋይል ይጠራና መምጣቱ ይታይ።

የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ተደራጅተው፣ ከነጋዴው መዋጮ እየሰበሰቡ መንገድ ሲያሠሩ ከማንም የሚጠብቁት ትእዛዝ አልነበረም። ይህ ሥራ ከመንገድ እጅግ ይረክሳል፤ የሚያስፈልገው የሦስት ተቋማት ፊርማ፣ ሃምሳ ኮምፒውተርና አንድ ደብተር ነው። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ መልሱን ከሦስቱም ተቋማት በጽሑፍ ይጠብቃል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት (ወመዘክር)፣ አዲስ አበባ
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ
ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልላዊ መንግሥት፣ ሆሳዕና
በመስቀል አገር ቤት ለሚገቡ ሁሉ፣ መርካቶ
ለመዝገብ ቤት፣ ወልቂጤ
ለመዝገብ ቤት፣ ቡታጅራ